ከጓሯችን ወደ ድስታችን

  

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ከሚንበር ላይ ብዙም የማይነሳ፣ በየቤታችን ግን በየቀኑ የሚነሳ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል፡፡ እሱም በገዛ ጓሯችን ያበቀልነውን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባና ካሮት ብዙ ወጪና ብዙ ድካም ሳያስፈልገን፣ ጣዕሙን ጠብቀን እንዴት አብስለን እንደምንበላው ነው፡፡ «ኢማም ስለ ድስት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋ ይሆናል፡፡ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን የአላህ ሪዝቅ ነው፡፡ ሪዝቅን ማባከን፣ እንግዳን ማክበር፣ ባልና ሚስት በገበታ ዙሪያ የሚለዋወጡት ቃል፣ ከጎረቤት ጋር ያለን ኑሮ፣ ይህ ሁሉ ከዲናችን የወጣ ጉዳይ አይደለም፡፡

ርዕሱን እንድንመርጥ ያደረገን ከእህቶቻችን ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ነው፡፡ ጥያቄው ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ይላል፡- «ጓሯችን አትክልት ሞልቶታል፡፡ ነገር ግን ሥጋ ወይም እንቁላል ያልገባበት ገበታ በቤታችን እንደ ምግብ አይቆጠርም፡፡ እንግዳ ሲመጣ ጎመን ማቅረብ ያሳፍረናል፡፡ ልጆቹም ቅጠል አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ፡፡» ወገኖቻችን፣ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፡፡ ጓሮው እየሰጠ፣ ቤቱ ግን ለእንግዳ ክብር ሲል ከሱቅ እየተበደረ የሚኖርበት ሁኔታ አለ፡፡ የደረሰ ቆስጣ መደቡ ላይ እያረጀ፣ የቤቱ እመቤት «ዛሬ ምን ልሥራ?» እያለች የምትጨነቅበት ቀን አለ፡፡ ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው፡፡

የአንዲት ሴት ድስት በመዲና

ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪ በሰሒሐቸው የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ፡፡ በመዲና አንዲት ሴት ነበሩ፡፡ በእርሻቸው ውስጥ በውሃ ቦይ ዳር «ሲልቅ» የሚባል አትክልት ያበቅላሉ፡፡ የጁሙዓ ቀን ሲደርስ የሲልቁን ሥር ነቅለው ድስት ውስጥ ይጨምሩታል፤ ከላዩም አንድ እፍኝ ገብስ ያክሉበታል፡፡ ስብም ሆነ ቅባት አልነበረበትም፡፡ የአትክልቱ ሥር ራሱ በሥጋው ቦታ ይሆን ነበር፡፡ ሰሓቦች ከጁሙዓ ሰላት ሲመለሱ ወደሳቸው ጎራ ብለው ሰላም ይላሉ፣ እሳቸውም ያንን ምግብ ያቀርቡላቸዋል፡፡ ሰህል እንደነገሩን፣ በዚህ ምግብ ምክንያት የጁሙዓን ቀን በናፍቆት ይጠብቁት ነበር፡፡

ልብ በሉ ውድ አድማጮች፤ ሲልቅ ማለት እኛ ቆስጣ የምንለው ነው፡፡ የምድር ምርጦች የሆኑት የነቢዩ ባልደረቦች ሳምንቱን ሙሉ የናፈቁት ድግስ ቆስጣና ገብስ ነበር፡፡ ሴትየዋ «ሥጋ የለኝም» ብለው ቤታቸውን አልዘጉም፡፡ እንግዶቹም ድስቱን አይተው ፊታቸውን አላዞሩም፡፡

ሌላም አለ፡፡ አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለምግብ ጋብዞ የገብስ ዳቦ፣ በቅልና በደረቅ ሥጋ የተሠራ መረቅ አቀረበላቸው፡፡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሥጋው ይልቅ ቅሉን ከሳህኑ ዙሪያ እየፈለጉ ሲመገቡ አነስ ተመለከቱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ለቅል ያላቸው ፍቅር አልቀነሰም፡፡ በዐረብኛ ስሙ «ዱባእ» ስለሆነ ብዙ ሰው ከእኛ ዱባ ጋር አንድ ያደርገዋል፡፡ ዛሬ በጓሯችን የምናውቀው ዱባ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣና ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኋላ በዓለም የተሰራጨ ነው፡፡ የመዲናው ለጋ እያለ የሚበስል የቅል ዓይነት ነበር፡፡ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ አበሳሰላቸውም ይቀራረባል፡፡

ጣዕሙ የሚጠፋው የት ነው?

አትክልት አይጥምም የሚባለው ብዙውን ጊዜ በአበሳሰሉ ምክንያት ነው፡፡ በየቤቱ የሚደጋገሙ ሦስት ልማዶች አሉ፡፡

አንደኛው ውሃ ማብዛት ነው፡፡ ጎመን በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ፣ ጣዕሙም አብሮ ይደፋል፡፡ ቫይታሚን ሲና ፎሌት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በውሃ የሚሟሙ በመሆናቸው አብዛኛው ድርሻቸው ከዚያው ውሃ ጋር ወደ ቦይ ይሄዳል፡፡

ሁለተኛው እሳት ላይ ማቆየት ነው፡፡ ጥቅል ጎመን ብዙ ሲበስል የሚያመጣው ያ ከባድ ሽታ ከራሱ ከጎመኑ ውስጥ ያለው የድኝ ውህድ በሙቀት ሲፈርስ የሚወጣ ነው፡፡ ልጆች የሚሸሹት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ሽታ ነው፡፡ ቶሎ ከእሳት የወረደ ጥቅል ጎመን ግን ጣፋጭ ነው፡፡

ሦስተኛው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጨመር ነው፡፡ ካሮት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን አብረው ከገቡ ካሮቱ ሳይበስል ጎመኑ ይፈርሳል፡፡ ጠንካራው ይቅደም፣ ለስላሳው ይከተል፡፡ ካሮቱ ከቁሌቱ ጋር ጥቂት ይቆይ፣ ድንቹ ይከተል፣ ጥቅል ጎመኑ በመጨረሻ ይግባ፡፡ እርድ፣ ዝንጅብልና ጨው ብቻ የገባበት የአትክልት አልጫ በዚህ ቅደም ተከተል ሲሠራ ሌላ ቅመም አይጠይቅም፡፡

የጓሮ አትክልት ደግሞ ከገበያው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ እሱም ትኩስነቱ ነው፡፡ ድስቱ ሊጣድ ሲል የተቀነጠሰ ቅጠል ሁለት ቀን በጆንያ ከቆየው ጋር አይወዳደርም፡፡ ስንቀነጥስ ከውጭ በኩል ያሉትን ትላልቅ ቅጠሎች ብቻ እንውሰድ፡፡ መሐሉን ከተውንለት ጎመኑም ቆስጣውም ለብዙ ሳምንታት መስጠቱን አያቆምም፡፡

አራት ቀላል አበሳሰሎች

ጎመን፡- ቅጠሉን አጥበን አድቅቀን እንከትፈው፡፡ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ከትፈን በደረቅ ድስት ያለ ዘይት እያማሰልን ውሃውን እስኪጨርስ እናቁላላው፡፡ ጎመኑን ጨምረን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ብቻ እናድርግበትና ድስቱን ከድነን በመጠነኛ እሳት እናብስለው፡፡ ጎመኑ ሲለሰልስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ጥቂት የተነጠረ ቅቤ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረን ጥቂት ደቂቃ ካቆየን በኋላ፣ ቃሪያ ሰንጥቀን ጣል አድርገን እናውርደው፡፡ የሚደፋ ውሃ የለም፡፡ ቃሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ሽታው አይጠፋም፡፡

ቆስጣ፡- አገዳውንና ቅጠሉን እንለያይ፡፡ ጥቂት ዘይት አሙቀን ነጭ ሽንኩርት እንጣልበት፤ ቀለሙ ሳይጠቁር ቶሎ የተከተፈውን አገዳ እንጨምር፤ ነጭ ሽንኩርት ካረረ ይመራልና፡፡ ሦስት ደቂቃ ካቆየን በኋላ ቅጠሉን እናስገባ፡፡ ውሃ አያስፈልገውም፤ ከታጠበበት የቀረው ጠብታ ይበቃዋል፡፡ ቅጠሉ ሲተኛ ጨው ነስንሰን እናውርድ፡፡ ሎሚ የምንጨምቅበት ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ከተጨመቀ አረንጓዴው ቀለም ይደበዝዛል፡፡

እዚህ ላይ አንድ የምሥራች አለን፡፡ ቀይ ሥርና ቆስጣ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፡፡ ስለዚህ በየቤቱ ለከብት የሚሰጠው ወይም የሚጣለው የቀይ ሥር ቅጠል ልክ እንደ ቆስጣ ተሠርቶ ይበላል፡፡ ሥሩን ስንቀቅል ደግሞ ሳንልጠው፣ ከአናቱ ጣት የሚያህል ግንድ ትተንለት ይሁን፤ ያኔ ቀለሙና ጣዕሙ ወደ ውሃው አይወጣም፡፡ ከበሰለ በኋላ ልጣጩ በእጅ ይለቃል፡፡ ከትፈን ሽንኩርትና ጥቂት አቸቶ ብንጨምርበት ጥሩ ማባያ ይሆናል፡፡ ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰቦቻቸውን ማባያ ጠይቀው ከአቸቶ በቀር ምንም እንደሌለ ሲነገራቸው እሱኑ አስመጥተው እያመሰገኑት ተመግበዋል፡፡

ዱባ፡- ሽንኩርቱ ይቁላላ፤ የሚወድ ሰው ጥቂት በርበሬ፣ ልጆች ካሉ ደግሞ እርድ ብቻ ይጨመርበት፡፡ ዱባውን በትላልቁ ቆርጠን እናስገባ፡፡ ትንሽ ከተቆረጠ ይፈርሳልና፡፡ አንድ የቡና ስኒ ውሃ አድርገንበት፣ ከድነን፣ እሳቱን ዝቅ አድርገን እንተወው፡፡ ዱባ የራሱን ውሃና የራሱን ስኳር ያወጣል፡፡ ቶሎ ቶሎ አናማስለው፤ ድስቱን ይዞ መነቅነቅ ይበቃል፡፡ ፍሬውንም አንጣለው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨው ተቆልቶ ለልጆች ጥሩ ቆሎ ነው፡፡

ቆስጣ በገብስ ቅንጬ፡- ይህ የዚያችን የመዲና ሴት ድስት የሚያስታውሰን ነው፡፡ ሁለት የቡና ስኒ የገብስ ቅንጬ አጥበን በአንድ ሊትር ያህል ውሃ እንጣደው፡፡ ገብሱ ሊበስል ሲል የቆስጣውን አገዳ፣ ቀጥሎ ቅጠሉን ከትፈን እንጨምር፡፡ ጨው፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና ከተገኘ በሶብላ ይበቃዋል፡፡ ዘይት ማድረግ የፈለገ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ጠብ ያድርግበት፡፡ በረመዷን ለኢፍጣር ሾርባ ስናስብ ይህንን እናስታውስ፡፡ በባዶ ሆድ ላይ ረጋ ብሎ የሚወርድ፣ ርካሽና የሚያጠግብ ነው፡፡

ስለ ሽንኩርትና ስለ መስጂድ

ጥሬ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በልቶ ወደ መስጂድ መምጣት መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ምክንያቱ ሽታው ሰጋጁንም መላእክትንም ስለሚያስቸግር ነው፡፡ ዑመር (ረ.ዐ) በኹጥባቸው ሁለቱን መብላት የፈለገ ሰው አብስሎ ሽታቸውን እንዲገድል መክረዋል፡፡ ስለዚህ የጁሙዓ ምሳ ከሰላት በፊት የሚበላ ከሆነ ነጭ ሽንኩርቱ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ሽንኩርት የገባበት የቲማቲም ሰላጣ ግን ከሰላት በኋላ ይቆየን፡፡ ምክሩ ለማብሰያ ቤትም ትምህርት ነው፡፡ በዝግታ የበሰለ ሽንኩርት ቁጣውን ትቶ ጣፋጭነቱን ያወጣል፤ የወጥ መሠረት የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

ለሰውነታችን የሚሰጠን

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፡፡ ጨው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ ያሳስባል፡፡ ጓሮ ያለው ቤት የመጀመሪያውን ለመፈጸም ገበያ መሄድ አያስፈልገውም፡፡ ሁለተኛውን ለመፈጸም ደግሞ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ድንብላል ይረዱናል፤ ጣዕም በሌላ ሲሞላ ጨው ይቀንሳልና፡፡

ሁለት ነገሮችን በተለይ ለእናቶች እናስታውስ፡፡ ካሮት፣ ዱባና አረንጓዴ ቅጠሎች ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ይህም ለልጆች ዓይንና በሽታን ለመቋቋም ያስፈልጋል፡፡ ሰውነት በደንብ የሚወስደው ግን ከጥቂት ቅባት ጋር ሲሆን ነው፡፡ ስለዚህ ለልጆች በሚቀርበው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ እንደ ቅንጦት አይታይ፡፡ ሁለተኛው ብረት ነው፡፡ በቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ከሎሚ፣ ከቲማቲም ወይም ከቃሪያ ጋር ሲበላ ሰውነት የተሻለ ይወስደዋል፤ ቡናና ሻይ ግን ይከለክሉታል፡፡ ቡናችንን ተዉ አንልም፤ ነፍሰ ጡር እህት ባለችበት ቤት ግን ጀበናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ቢል መልካም ነው፡፡

ውሃውንም እናስብ

በከተሞቻችን አትክልት የት እንደበቀለ ሳናውቅ እንገዛለን፡፡ በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የመጡ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን አሳይተዋል፤ ተክሉ ውስጥ የገባውን ደግሞ ማጠብ አያወጣውም፡፡ የጓሮ አትክልት አንዱ ጸጋ የጠጣውን ውሃ ማወቃችን ነው፡፡ ቦታ የጠበበበት ቤትም ቢሆን በአሮጌ ባልዲ፣ በጆንያና በጄሪካን አፈር ሞልቶ ቆስጣና ሰላጣ ማብቀል ይችላል፡፡ በየመስጂዳችን ከውዱእ ቦታ የሚፈስ፣ ሳሙና ያልነካው ውሃ ወደ ቦይ ከሚሄድ በግቢው ጥግ ወደሚገኝ መደብ ቢመራ ሁለት ምንዳ ይገኝበታል፡፡ ሙስሊም የተከለውን ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናልና፡፡ ሆኖም በጥሬው የሚበላ ማንኛውም ቅጠል በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፡፡

አንድ ቃል ለአባወራዎች

ከላይ ያነሳነው ጥያቄ ግማሹ መልስ ያለው በድስቱ ሳይሆን በገበታው ራስ በሚቀመጠው ሰው አንደበት ነው፡፡ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አነውረው አያውቁም፤ ከወደዱት ይመገባሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል፡፡ «ዛሬም ጎመን?» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፡፡ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ቆማ ያረመች፣ ውሃ ቀድታ ያጠጣች፣ ጭስ ውስጥ ቆማ ያበሰለች ሴት ልብ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፡፡ ልጆችም ይሰማሉ፡፡ አባት የናቀውን ቅጠል ልጅ አይቀምሰውም፡፡ አባት «ማሻአላህ፣ ይህ ከጓሯችን ነው» ብሎ መጀመሪያ ከጎረሰ ግን ልጅም እጁን ይዘረጋል፡፡ ልጆቹን ዘር ሲዘሩና ሲያጠጡ አብረን ብናውላቸው ደግሞ ራሳቸው ያበቀሉትን ካሮት ለመቅመስ ማንም አይለምናቸውም፡፡

ከአጥር ወዲያ የሚሻገር ሳህን

በመጨረሻም ወደ ጎረቤት እንምጣ፡፡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውሃውን በርከት አድርገው ለጎረቤቶቻቸው እንዲያደርሱ መክረዋቸዋል፡፡ በሀገራችን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አጥር ተጋርተን፣ ለቅሶና ሠርግ አብረን እንኖራለን፡፡ እርዳችን የተለያየ በመሆኑ ሥጋ የገባበትን ምግብ አንጋራም፤ ይህ ሁለታችንም የምናውቀውና የምንከባበርበት ነው፡፡ ጎመንና ዱባ ግን አጥር አያውቁም፡፡ በጾማቸው ወቅት ቅቤ ሳይገባበት በዘይት ብቻ የተሠራ የአትክልት አልጫ በንጹሕ ሳህን ብንልክላቸው ይበሉታል፤ እነሱም በረመዷን ከጓሯቸው የቀነጠሱትን ቢልኩልን ለኢፍጣራችን ይሆነናል፡፡ ብዙዎች አያቶቻችን እንዲህ ኖረዋል፡፡ ችግኝ መለዋወጥም አለ፡፡ ከእኛ መደብ የተነቀለች አንዲት የጎመን ችግኝ ከጎረቤት ጓሮ በቅላ የዓመታት ሰላምታ ትሆናለች፡፡

እንግዲህ እህቶቻችን፣ እንግዳ ሲመጣ ጓሯችን የሰጠንን በንጽሕና አብስለን፣ በፈገግታ እናቅርብ፡፡ ያለው ሥጋ ያርድ፣ ያብላ፤ አላህ ይጨምርለት፡፡ የሌለው ግን ለክብር ብሎ ዕዳ አይግባ፡፡ የእንግዳ ክብሩ በተከፈተለት በርና በተነገረው መልካም ቃል ነው፡፡ እንግዳ የሆነም ሰው የቀረበለትን አመስግኖ ይብላ፡፡ በሚቀጥለው ጁሙዓ፣ ኢንሻአላህ፣ በየቤታችን አንድ ድስት ቆስጣ ወይም ጎመን ይጣድ፤ አንድ ሳህንም ከበራችን ይውጣ፡፡

አላህ ጓሯችንን ያለምልምልን፣ በሪዝቃችን ላይ በረካ ያድርግልን፣ የተራበውን ያጥግብልን፣ በየማዕዳችን ዙሪያ ፍቅርን ይስጠን፡፡ አሚን፡፡